ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በረራውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የይፋት ልጅ (ሸዋ ሮቢት)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወገኖች። የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። እናቴን ይዤ ባሕር ዳር ወደምትኖረው ታላቅ እህቴ ለመሄድ በዝግጅት ላይ ነኝ። እናቴ ዕድሜዋ የገፋ ስለሆነ በደሴና በወልድያ ዞሮ በሚሄደው የመኪና መንገድ ላንገላታት አልፈለግሁም፤ በአውሮፕላን እንሂድ ብለን በቤተሰብ ተስማምተናል።

እንደምታውቁት የሰሜን ሸዋ ዞን የራሱ የመንገደኞች ኤርፖርት የለውም። ስለዚህ እኛ የይፋት ሰዎች አውሮፕላን ስናስብ ወይ ወደ ቦሌ ወይ ወደ ኮምቦልቻ መሄድ ግድ ይለናል። ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ኮምቦልቻ ግን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱም በአጣዬና በከሚሴ በኩል አብዛኛውን ቆላ ለቆላ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ልቤ ያዘነበለው ወደ ኮምቦልቻ ነበር።

ግራ ያጋባኝ ነገር ይህ ነው። በኮምቦልቻና በባሕር ዳር ኤርፖርቶች መካከል ያለውን ርቀት በስልኬ ስፈልግ 267 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በረራውም 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል የሚል መልስ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ትኬት ልፈልግ ስገባ ግን የሚመጣልኝ ጉዞ ሁሉ በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፍና ብዙ ሰዓት የሚወስድ ሆነ። በ50 ደቂቃ የሚደረስበት ቦታ እንዴት ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል? ከሁለቱ የትኛውን ልመን? ደግሞስ ነገሩ እንዲህ ከሆነ ኮምቦልቻ ድረስ መሄዱ ይጠቅመናል ወይስ ቀጥታ ወደ ቦሌ መውረዱ ይሻላል? መንገዱን የምታውቁ ወይም ስለ በረራ ነገር ግንዛቤ ያላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የካርታ መምህር (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ያገኟቸው ሁለቱም መልሶች ትክክል ስለሆኑ ስልክዎን አይጠራጠሩት። 267 ኪሎ ሜትር የተባለው የአየር ርቀት ነው፤ ይኸውም በኮምቦልቻው ማኮብኮቢያና በባሕር ዳሩ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት መካከል ከምድር ገጽ በላይ የሚሰመረው አጭሩ መስመር ርዝመት ነው። ይህን ቁጥር የሚሰጡ ገጾች በዚያ መስመር ላይ የሚበር የመንገደኛ አውሮፕላን መኖር አለመኖሩን አይመረምሩም፤ ሁለት ነጥቦች ተሰጥቷቸው በመካከላቸው ያለውን ይለካሉ እንጂ።

ስሌቱን ለተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ የማሳየው ስለሆነ እዚህም ላስቀምጠው፤ የስልክ ማስያ ያለው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። የኮምቦልቻ ኤርፖርት የሚገኘው በሰሜን ኬክሮስ 11.08 ዲግሪ እና በምሥራቅ ኬንትሮስ 39.71 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ የባሕር ዳሩ ደግሞ በኬክሮስ 11.61፣ በኬንትሮስ 37.32 ላይ ነው። የኬክሮስ ልዩነታቸው 0.53፣ የኬንትሮስ ልዩነታቸው 2.39 ዲግሪ ይሆናል። በእኛ አካባቢ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ደግሞ 109 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ባሕር ዳር ከኮምቦልቻ ወደ ሰሜን 59፣ ወደ ምዕራብ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች ማለት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተን ደምረን የድምሩን ካሬ ሥር ብናወጣ 267 ላይ እንደርሳለን። ርቀቱ አጭር በመሆኑ የምድር ክብነት በዚህ ውጤት ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መስመሩን ካርታ ላይ በማስመሪያ ቢያሰምሩት ወሎን አቋርጦ በመቅደላ አምባ አቅራቢያ ያልፋል፤ ሲያዩት በእውነት ልብ የሚማርክ መስመር ነው።

አሁን ወደ ጊዜው ልምጣ። ብዙዎቹ የርቀት ገጾች የበረራ ጊዜን የሚገምቱት አንድ ትልቅ ጄት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚበር ቆጥረው፣ ለመነሻና ለማረፊያ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ጨምረው ነው። 267ን ለ800 ብናካፍል 20 ደቂቃ ይወጣል፤ ግማሽ ሰዓቱ ሲጨመርበት የእርስዎ 50 ደቂቃ ይመጣል። በሀገር ውስጥ መስመሮቻችን ላይ በብዛት የምናየው ግን ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው-400 ሲሆን፣ ከፍታውን ከያዘ በኋላ የሚበረው በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ገደማና ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። በአጭር በረራ ላይ ፍጥነቱ የሚያመጣው ልዩነት ጥቂት መሆኑን ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ ተመልሶ እስከሚቆምበት ደቂቃ ድረስ ነው። እስከ ማኮብኮቢያው ራስ ድረስ በመሬት ላይ መንከባለሉ፣ ተራ መጠበቁ፣ ከፍታ ለመያዝ መውጣቱ፣ ለማረፍ ዞሮ ማኮብኮቢያውን ማስተካከሉ ርቀቱ ቢያጥርም ባይጥርም የማይቀሩ ናቸው። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአየር 253፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ ሁለቱም በረራዎች አንድ ሰዓት ገደማ የሚያዝላቸው በዚህ የተነሣ ነው፤ የ80 ኪሎ ሜትሩ ልዩነት አየር ላይ ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ታዲያ ግማሽ ቀኑ ከየት መጣ? የሀገራችን የውስጥ በረራ በአብዛኛው ቦሌን ማዕከል አድርጎ የተዘረጋ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት አንድ አውሮፕላን ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እየነካ የሚያልፍበት የጉዞ ሥርዓት እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር እንዲህ ያለ መስመር የማይኖረው ግን በምክንያት ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ70 በላይ ሰው የሚጭን አውሮፕላን በየጊዜው በቂ መንገደኛ ይፈልጋል፤ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ባሕር ዳር ብቻ የሚሄደው ሰው ጥቂት ሲሆን፣ አዲስ አበባ የሚቀረውን፣ ወደ ድሬዳዋ የሚቀጥለውን፣ ውጭ ሀገር የሚሻገረውን ሁሉ በአንድነት ወደ ቦሌ ማምጣት ግን ወንበሩን ይሞላል። ስለዚህ የእርስዎ ጉዞ 253 እና 333 ተደምሮ 586 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከቀጥታው መስመር ከእጥፍ በላይ ነው። በመካከሉ ደግሞ ቦሌ ላይ የሚቀጥለውን አውሮፕላን መጠበቅ አለ፤ በመፈለጊያው ላይ ያዩት ሰዓትም ይህን ጥበቃ ጨምሮ የተቆጠረ ነው።

ለሸዋ ሮቢት ሰው ነገሩን የሚያከብደው ሌላም ምክንያት አለ። ከኮምቦልቻ ቦሌ የሚወስደው ቀጥታ መስመር የሚያልፈው በእኛው ሰሜን ሸዋ ላይ ነው፤ የመንዝን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዞ፣ የጅሩን ሜዳ አቋርጦ፣ በእነዋሪና በደነባ አቅራቢያ ይወርዳል። እናትዎን ይዘው 150 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ተጉዘው አውሮፕላን ሲሳፈሩ፣ አውሮፕላኑ ተመልሶ በገዛ አገርዎ ሰማይ ላይ ወደ ደቡብ ያመጣዎታል፤ ከቦሌ እንደገና ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሣሉ። ስለዚህ የእኔ ምክር በመኪና አዲስ አበባ ገብቶ አንዱን በረራ ብቻ መያዝ ነው። በሰዓት ስናሰላው ሁለቱ አማራጮች ብዙም ባይራራቁም፣ አንድ በረራ ከሁለት በረራ ይልቅ የሚዘገይበትና የሚሰረዝበት ዕድል ያነሰ ነው፤ ወጪውም እንዲሁ።

የአጣዬው (ኤፍራታና ግድም)

መምህራችን ያስቀመጡት ስሌት በጣም ግሩም ነው፤ እኔም ብዙ ተምሬበታለሁ። ምክራቸውን ግን ሁላችንም የይፋትና የኤፍራታ ሰዎች እንዳለ ብንወስደው አይበጀንም ባይ ነኝ። ከአጣዬ ኮምቦልቻ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ግን 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ ላምበረት መናኸሪያ ደርሶ፣ ከዚያ የከተማውን መጨናነቅ አልፎ ቦሌ መግባት ለአንድ ጤነኛ ጎልማሳ እንኳ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ጣጣ ነው። ቦሌ ላይ የሚጠበቀው ሰዓት ረጅም ቢሆንም ቁጭ ብለው፣ ሻንጣ ሳይጎትቱ፣ መጸዳጃ ቤት በቅርብ ባለበት የሚጠበቅ ነው፤ ለአዛውንት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መኪና ላይ የሚያልፍ አምስት ሰዓትና አዳራሽ ውስጥ የሚያልፍ አምስት ሰዓት ለወገብ እኩል አይደሉም።

ሾፌሩ (የደሴ መስመር)

በዚህ መስመር ላይ ለረጅም ጊዜ መኪና ስለማሽከረክር ስለ የብሱ ጥቂት ልጨምር። ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ያለው ጉዞ በኪሎ ሜትር ብቻ ሊገመት አይገባም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር እንኳ በማትሞላ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከዚያ ተነሥተው ደብረ ሲናን አልፈው ጣርማ በር ሲደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተዋል። ይህ ሁሉ አቀበት የሚያልቀው ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ውስጥ ነው። በተለይ በክረምት ጉሙ ሲወርድ ጣሊያን የቀደደው ዋሻ አፉ እስኪደርሱበት ድረስ አይታይም፤ ከፊት ያለውን ከባድ መኪና የሚያውቁት በኋላ መብራቱ ብቻ ነው፤ ልቅደም የሚል ሾፌር ካጋጠመ አደጋ ነው። ባለ ከባድ መኪናው አቀበቱን በዝግታ ሲወጣ ከኋላው ተሰልፎ መከተል እንጂ ሌላ አማራጭ የለም። ስለዚህ በበጋ በአራት ሰዓት ተኩል የሚገባበት መንገድ በክረምት ስድስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ በረራ የያዘ ሰው ይህን ቆጥሮ መነሣት አለበት።

ወደ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ በአንጻሩ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሸዋ ሮቢት በቀጥታ ኮምቦልቻ የሚገባ መኪና ካጡ እስከ ከሚሴ ሄደው እዚያ መቀየር ይችላሉ። በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄዱ ግን ከመነሣትዎ በፊት ማለዳ መናኸሪያ ወርደው መንገዱ ክፍትና ሰላማዊ መሆኑን ከገባ ሾፌር ይጠይቁ፤ ሌሊት መጓዝንም አያስቡት።

ባሕር ዳር ድረስ በመኪና የሚለውን ሐሳብ መተውዎ ትክክል ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ወልድያ፣ ከወልድያ በጋሸናና በደብረ ታቦር ወረታ፣ ከወረታ ባሕር ዳር ሲደመር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ሲነሡ 650 ገደማ ይደርሳል። መምህሩ በማስመሪያ የለኩት 267 መሬት ላይ በተራራና በሸለቆ ዞሮ እጥፍ የሚሆነው እንዲህ ነው።

የይፋት ልጅ (ሸዋ ሮቢት)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመምህሩ ማብራሪያ ጥያቄዬን ከሥሩ መልሶልኛል፤ የሾፌሩ ወንድሜ መልስ ግን አንድ ሳላነሣው የቀረሁትን ጉዳይ አስታወሰኝ። እናቴ ወደ አዲስ አበባ በምንሄድበት ጊዜ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን አቀበት ስንጀምር ትንፋሽ ያጥራታል፤ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ አላቅቃ መስኮት ክፈቱልኝ ትላለች፤ ደብረ ብርሃን ላይ ለምሳ ስንወርድም ጥቂት እርምጃ ተራምዳ መቆም ትፈልጋለች። ሸዋ ሮቢት ቤቷ ውስጥ ሳለች እንዲህ ዓይነት ችግር የለባትም። መኪናው እንዲህ ካደረጋት፣ ከተራራው ሁሉ በላይ የሚበረው አውሮፕላንማ ምን ሊያደርጋት ነው የሚል ስጋት አድሮብኛል። ይህን የሚያውቅ ካለ ቢያስረዳኝ ውለታው ትልቅ ነው።

የጤና ባለሙያ (ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ ይህን በማንሣትዎ ደስ ብሎኛል፤ ለጉዞው ውሳኔ ከኪሎ ሜትሩም ከሰዓቱም የሚበልጠው ይህ ነውና።

ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። አውሮፕላን ውስጥ ግን መንገደኛው የሚተነፍሰው የውጭውን የከፍታ አየር እንዳለ አይደለም። የአውሮፕላኑ ክፍል አየር እየተጨመቀ ስለሚገባበት፣ አውሮፕላኑ ምንም ያህል ከፍ ቢል የውስጡ ግፊት ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለው አየር ግፊት እንዳያንስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህን ቁጥር ከምናውቃቸው ቦታዎች ጋር ያስተያዩት። የቦሌ ኤርፖርት ራሱ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እኔ ይህን የምጽፍበት ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 በላይ። ይህ ማለት እናታችን ለምሳ ደብረ ብርሃን ላይ ሲወርዱ የተነፈሱት አየር፣ አውሮፕላን ውስጥ ሊተነፍሱት ከሚችሉት ይልቅ የሳሳ ነበር። ከጉዞው ሁሉ ለሳንባቸው ከባዱ ቦታ ጣርማ በር ነው።

ኮምቦልቻ 1,864፣ ባሕር ዳር 1,820 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በኮምቦልቻ በኩል ከሄዱ እናትዎ ከቤታቸው ተነሥተው እስኪደርሱ ድረስ በየትኛውም ሰዓት ከ2,400 ሜትር ገደማ በላይ የሆነ አየር አይተነፍሱም። በቦሌ በኩል ከሄዱ ግን ለሰዓታት ከዚያ በላይ መቆየታቸው አይቀርም፤ ከጣርማ በር እስከ አዲስ አበባ መዳረሻ ያለው ሜዳ ሁሉ ደጋ ነውና። በእኔ እምነት ይህ ብቻውን ኮምቦልቻን ያስመርጣል።

ሆኖም አቀበት ላይ ትንፋሽ ማጠር ከዕድሜ ብቻ የመጣ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። የልብ ድካም፣ የደም ማነስ፣ የሳንባ ሕመም፣ ለብዙ ዘመን በጭስ ቤት ውስጥ ከማብሰል የመጣ የመተንፈሻ ቱቦ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ሁሉ ተመርምረው የሚታወቁና የሚታከሙ ናቸው። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት እዚያው ሸዋ ሮቢት ሐኪም ያሳዩዋቸው፤ በጣታቸው ላይ በምትደረገው ትንሽ መሣሪያ የደማቸው የኦክስጅን መጠን ይለካ፤ ለበረራ ብቁ ናቸው የሚል ቃል ከሐኪሙ ይቀበሉ። የዘወትር መድኃኒት ካላቸው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት፤ በእጅ ቦርሳ ይያዙት።

የካርታ መምህር (ደብረ ብርሃን)

የጤና ባለሙያዋ የተናገሩት ሚዛኑን ወደ ኮምቦልቻ አዘንብሎታል፤ ትንፋሽ የሚያጥራቸው እናት ያለው ሰው በጣርማ በር እንዲያልፍ እኔም አልመክርም። እንግዲያው በኮምቦልቻ የሚሄዱ ከሆነ ጥቂት ነገሮች ልብ ይበሉ።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባና ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ያሉትን በረራዎች ለየብቻ ቆርጠው እንዳይገዙ አደራ እላለሁ። በመፈለጊያው ላይ መነሻውን ኮምቦልቻ፣ መድረሻውን ባሕር ዳር ብለው በአንድ ትኬት ያውጡት። ኮምቦልቻ ብለው ካጡት ደሴ ብለው ይፈልጉ፤ የኤርፖርቱ መለያ በደሴ ስም ዲ-ኤስ-ኢ ተብሎ የተመዘገበ ነው። በአንድ ትኬት ሲሆን የመጀመሪያው አውሮፕላን ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጥዎ በሌላ በረራ የማሳፈሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል፤ በሁለት ትኬት ሲሆን ግን ኪሳራው የራስዎ ነው። ሻንጣውንም ሲያስረክቡ እስከ ባሕር ዳር ተብሎ እንዲለጠፍበት ያድርጉ፤ ቦሌ ላይ እናትዎን ትተው ሻንጣ ፍለጋ እንዳይሄዱ።

ዊልቸር የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ትኬቱ ሲቆረጥ ያስመዝግቡ፤ በዕለቱ ከመጠየቅ ይሻላል። እንዲህ ባሉት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች የሚሳፈሩት ከመሬት በመወጣጫ ደረጃ ስለሆነ፣ ደረጃ መውጣት የሚከብዳቸው መሆኑንም አብረው ይንገሩ።

ስለ ሰዓትም ላሳስብዎ። ትኬት ላይ የሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ 6 ይቀንሱለት፤ የሚቀረው ከ12 ካለፈ ደግሞ 12 ይቀንሱለት፤ 14፡20 የሚለው ከቀኑ 8፡20፣ 19፡00 የሚለው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። 06፡30 ተብሎ ከተጻፈ ንጋት 12፡30 መሆኑ ነው፤ ይህን እንደ ከቀኑ 6፡30 አንብቦ በረራ ያመለጠው ሰው ጥቂት አይደለም። ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ ከግድግዳ ካላንደር ጋር ያመሳክሩት። የመጀመሪያው በረራ በማለዳ ከሆነ ከሸዋ ሮቢት በዚያው ዕለት ተነሥቶ መድረስ ስለማይቻል ኮምቦልቻ ማደር የግድ ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ የሚነሣ ካገኙ ግን ማለዳ ተነሥተው ኤርፖርቱ ላይ ሁለት ሰዓት ቀድመው መገኘት ይችላሉ።

ከመርሐቤቴ (ዓለም ከተማ)

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች የሰሜን ሸዋ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እኛ የመርሐቤቴ ሰዎች ባሕር ዳር ለመሄድ ኤርፖርት ፍለጋ አዲስ አበባ የምንገባው ቸኩለን ከሆነ ብቻ ነው። የጀማን ሸለቆ ወርደን ወጥተን፣ በለሚ በኩል ሙከ ጡሪ ስንደርስ የጎጃሙን መንገድ እንይዛለን፤ ከዚያ በፍቼ፣ በጎሐ ጽዮንና በዓባይ በረሃ ወደ ደጀን መሻገር ነው። ስለዚህ የሰሜን ሸዋ ሰው የሚቀርበው ኤርፖርት የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ ለዞኑ በሙሉ የሚሆን አንድ መልስ የለም፤ ለደብረ ብርሃንና ለምንጃር ቦሌ፣ ለኤፍራታ ኮምቦልቻ ነው። ሸዋ ሮቢት መሀል ላይ ስላለች ነው ይህን ያህል ያከራከረችን።

የይፋት ልጅ (ሸዋ ሮቢት)

በኮምቦልቻ ለመሄድ ወስነናል። ነገ እናቴን ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ፤ ሐኪሙ ከፈቀደ በአንድ ትኬት፣ ከቀትር በኋላ የሚነሣውን እንይዛለን። ባሕር ዳር ላለችው እህቴም አውሮፕላኑ በአዲስ አበባ ዞሮ እንደሚመጣ ነግሬያት፣ ከኮምቦልቻ ከተነሣንበት ሰዓት ሳይሆን ከቦሌ ከተነሣንበት ሰዓት ጀምራ አንድ ሰዓት ቆጥራ ኤርፖርት እንድትጠብቀን ተስማምተናል።